አያቴን ሳያዩ የሣሏት ሙሴ

ባለፈው ሳምንት የእናቴን የቀረ ዕቃ ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ ስናግዝ፣ ከኮሞዲኖዋ መሳቢያ ጥግ በወረቀት የተጠቀለለች አንዲት ጥቁር እርሳስ አገኘሁ። ከትንሿ ጣቴ አትበልጥም። ወረቀቱን ገና ስፈታው ሽታው ቀድሞኝ ወጣ፤ ሰም፣ ሳሙና፣ ከበስተኋላ ደግሞ ጥላሸት። ጧፍ ሲጠፋ የሚሸተውን ታውቂው የለ? እሱን ነው። ዕቃ ልታሽግ የመጣች ሴት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እርሳስ ስታሸት ብታዪኝ ትስቂብኝ ነበር። እኔ ግን አላሜዳ ነበርኩ። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እናቴም ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለ እናቷ ታወራ ነበር።

እርሳሷ የሙሴ ናት። እውነተኛ ስማቸውን ብነግርሽ ምንም አይጠቅምሽም፤ እኛ ቤት ሙሴ ነበሩ። የድሮ ሰዎች ፈረንሳዊውንም ጣሊያኑንም ሙሴ ነበር የሚሉት። እናቴም ከአያቴ የሰማችውን ይዛ ገና በመጀመሪያው ቀን «ሙሴ» ብላ ስትጠራቸው፣ ሽማግሌው ከአገራቸው ከወጡ ወዲህ በወጉ የጠራቸው ሰው እንዳላገኙ ተናግረው እጇን ሳሙ። እናቴ ይህን ለብዙ ጊዜ ለአባቴ አልነገረችውም።

የእናቴ ሥራ ሆም ኬር ነበር። ጠዋት ከኦክላንድ አውቶቡስ ይዛ፣ በውሃው ሥር በሚያልፈው ዋሻ አድርጋ አላሜዳ ትገባለች። ሙሴን ታጥባለች፣ ኪኒናቸውን ትሰጣለች፣ ሾርባ ትሠራለች። ጉልበታቸው ከድቷቸው እንጂ ሌላው ነገራቸው ደኅና ነበር። በሰመር ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ፤ ምክንያቱም የእናቴ እንግሊዝኛ ለሻወርና ለአፖይንትመንት ይበቃል እንጂ ለጨዋታ አይበቃም፤ ሙሴ ደግሞ ያለ ጨዋታ እህል አይወርድላቸውም። በሁለቱ መካከል ዱካ ላይ ተቀምጬ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስመላለስ እውላለሁ። ሲሰለቸኝ አሳጥራለሁ። እናቴ ታውቅብኛለች። «ይህን ሁሉ ተናግረው አዎ ብቻ ነው ያሉት?» ትለኛለች።

ቤታቸው ደንበኛ ቤት አልነበረም፤ ድሮ የባሕር ኃይሉ ሰፈር ሳይዘጋ መጋዘን የነበረ ሰፊ ክፍል ነው። ጣሪያው ሩቅ ነው፤ መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከባሕሩ ሲገባ ብርሃኑ እየነጣ፣ እየለሰለሰ ይመጣና ወንበሩም ሰውም ጥላ ያጣል። ከማዶ፣ ከኦክላንድ ወደብ፣ የመርከብ ጡሩምባ ረጅም ሆኖ ይሰማል፤ ከዚያ መልሶ ዝም። ዛሬም ሕልም ሳይ፣ ሕልሙ የትም ይጀምር፣ መጨረሻው ብዙ ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ሙሴ የፖስተር ሠዓሊ ነበሩ። የተወለዱት ሰሜን ፈረንሳይ፣ ዓሣና ዝናብ ከሚበዛበት አንድ የወደብ ከተማ ነው። አባታቸው በአንድ እጃቸው የሙጫ ባልዲ፣ በትከሻቸው መሰላል ይዘው በየግድግዳው ፖስተር የሚለጥፉ ሰው ነበሩ። ሙሴ በልጅነታቸው ያዩት ሥዕል ሁሉ አባታቸው የለጠፉት ነው፤ በሳምንቱ ደግሞ በዚያው ላይ ሌላ ሲለጥፉበት አይተዋል። ከፍ ሲሉ ፓሪስ ሄደው በድንጋይ ከሚያትሙ ሰዎች ዘንድ ተቀጠሩ። እንዲሥሉ ከመፍቀዳቸው በፊት ረጅም ጊዜ ድንጋይ ብቻ ነበር ያሳጠቧቸው። ከዚያ በኋላ ያልሣሉት የለም፤ የሰርከስ ዝሆን፣ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ሳሙና፣ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወስድ ባቡር፣ ድምፅዋን ሰምተው የማያውቁ አንዲት ዘፋኝ። ለልጆች መጻሕፍትም ሥለዋል፤ ጃንጥላ ይዛ የምትጓዝ አንዲት ዝይ ነበረቻቸው፣ እኔ በዚያ ዕድሜዬ እንኳ ወደድኳት። ዝሆኑን ሲሥሉ ዝሆን አይተው አያውቁም ነበር። «ዕድሜዬን ሙሉ ያላየሁትን ነው የሣልኩት» ይሉ ነበር፣ በዚያ ጉሮሯቸው ውስጥ በሚንከባለለው እንግሊዝኛ።

ወደዚህ ያመጣቻቸው ፓሪስ ላይ ያገኟት የኦክላንድ ዳንሰኛ ናት። ተከትለዋት መጡ፤ ተጋቡ፤ ለትንንሽ ቴአትር ቤቶችና ለወደብ ሠራተኞች ስብሰባ ፖስተር ሲሠሩ ኖሩ። እሷ ሞተች፣ እሳቸው ቀሩ። እኔን የገረመኝ ግን ግድግዳቸው ነው። ያን ሁሉ የሣለ ሰው ግድግዳው ባዶ ነበር። አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ ፖስተር የግድግዳ ጌጥ አይደለም፣ ለሚሮጥ ሰው የሚነገር ነው፤ ያ ሰው ካለፈ በኋላ ሌላ ይለጠፍበታል፤ የእኔም ሁሉ እዚያው ከሥር ናቸው አሉኝ። ሲናገሩት ምንም አላዘኑም። እኔ ግን አዘንኩላቸው።

አሠራራቸውን ላስረዳሽ፣ በኋላ ስለሚያስፈልግሽ ነው። ሙሴ በወረቀት ላይ አይሥሉም። ለስላሳ የኖራ ድንጋይ አላቸው፣ ወፍራም፣ የቅቤ መልክ ያለው። በዚህች ቅባታም እርሳስ ድንጋዩ ላይ ይሥላሉ፤ ድንጋዩ በውሃ ይርሳል፤ ቀለም ሲዳመጥበት ቀለሙ እርሳሱ የነካውን ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ወረቀት ይጫንበታል። ታዲያ በድንጋዩ ላይ ቀኝ የሆነው በወረቀቱ ላይ ግራ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሥዕሉንም ፊደሉንም ገልብጠው ነበር የሚሥሉት። ሲታተም ምን እንደሚመስል ለማየት ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ትልቅ መስታወት አቁመዋል፤ ዞር ብለው ሲያዩበት ሁሉም ተቃንቶ ይታያቸዋል። ያቺን መስታወት አስቢልኝ።

አያቴ ያረፈችው ማክሰኞ ነው።

ስልኩ የተደወለው ለአባቴ ነበር፣ ሥራ ላይ እያለ። ማታ መኪና ውስጥ ለእኔ ነገረኝ። ሊነግረኝ ፈልጎ አይመስለኝም፤ የእናቴን ስልክ የሚደብቅ ሰው ስላስፈለገው ነው፣ ዘመድ ከአገር ቤት እያለቀሰ እንዳይደውልላት። አጎቴ ከዳላስ ዓርብ ማታ ይገባል፤ መርዶው ቅዳሜ ጠዋት ይነገራል፤ እስከዚያ ፊትሽ እንዳያሳብቅ አለኝ። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ የመጣሁ፣ እዚህ ያደግሁ ልጅ ነኝ። «አባዬ፣ ዲስ ኢዝ ኖት ፌር፤ እናቷ እኮ ናት» አልኩት።

«ፌር አትበይኝ» አለኝ። «መርዶ በስልክና በሥራ ቦታ አይነገርም። ደም ግፊት አለባት። ወንድሟ አጠገቧ ሆኖ፣ ሰው ከቧት ነው የምትሰማው።»

ሆድ ይፍጀው አልኩ። አባቴ ግን ምስጢር የሚችል ሰው አይደለም። እናቴን ላለማየት ኦቨርታይም ይሠራል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ሰሐን ያጥባል። ሰሐን ማጠቡ ብቻውን መርዶ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጀርባውን ስታየው ትዝ ይለኛል።

እኛ አገር ያለ ማስታወቂያ ለቅሶ የለም፤ ኦክላንድም እንደዚያው ነው። ቴሌግራፍ መንገድ ላይ ያለውን የሐበሻ ሱቅ የያዙት አንድ ሽማግሌ ኤርትራዊ ነበሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ ሺህ ጊዜ የሚሻል። የሱቁ መስኮት በሟችና በዘፋኝ ፎቶ የተሸፈነ ነው። አባቴና እኔ ማክሰኞ ማታውኑ ሄደን ያለንን አንድ ፎቶ በስልክ አሳየናቸው። አያቴ ፎቶ አትወድም ነበር፤ ካሜራ ሲዞርባት ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። ያለን ፎቶ አንድ ሠርግ ላይ የተነሳ ነው፤ ግንባሯና ዓይኖቿ አሉ፣ ከዚያ በታች ነጭ ነጠላ ብቻ። ባለሱቁ ስልኩን አቅርበው፣ አርቀው አዩት። «ይህን ለጥፌ ሰው ማን ሞተች ብሎ ያልቅስ? ሴትዮዋ እኮ አፍ የላትም» አሉ።

ሙሴ ትዝ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ እናቴ ወጥ ቤት ሾርባ ስታማስል፣ ስልኩን ይዤ ከጠረጴዛቸው አጠገብ ተጎንብሼ ሁሉንም በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ቀስ እያሉ ፊታቸው ቀላ። እሷ እዚያ ሾርባ እየሠራችልኝ እኔ እዚህ የእናቷን ሞት ልሣል ነው የምትይኝ አሉ። ስንት ሰው ያውቃል አሉኝ። ሁሉም አልኳቸው። «ከእሷ በቀር?» «ከእሷ በቀር።» ጨካኞች ናችሁ ሊሉኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሚስታቸው ሆስፒታል ስትሞት አንድ ሐኪም ኮሪደር ላይ ቆሞ በሁለት ቃል እንደነገራቸው፣ የሚይዙት ወንበር እንኳ አጠገባቸው እንዳልነበረ ነገሩኝ። ከዚያ ፎቶውን አዩት። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ አዩ።

የእናቴና የአያቴ አፍ አንድ መሆኑን ከፎቶው ሊያውቁ አይችሉም፤ እኔ ነኝ፣ አባቴ ሁልጊዜ ሲል የሰማሁትን ይዤ የነገርኳቸው።

ለእናቴ ያልናት እንዲህ ነው፤ ሙሴ ለልጆች መጽሐፍ አንዲት አሮጊት ሊሥሉ ነው፣ አንቺን አስቀምጠው ዕድሜ ሊጨምሩብሽ ይፈልጋሉ። እናቴ እጇን በሽርጧ እያደራረቀች ሳቀች። «በያቸው፣ እርጅናው የሚቀርብኝ መስሏቸው ነው እንዲህ የቸኮሉት?» ግን ደስ ብሏታል። ኦክላንድ ከገባች ጀምሮ ሥራ ሳትሠራ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ያየኋት ያን ቀን ነው። ሙሴ አሮጊቷ ነጠላ ትልበስ አሉ፤ እናቴም እንግዲያው አሮጊቷ የእኔ እናት ትሁንላቸው ብላ ነጠላውን አያቴ እንደምታደርገው፣ ወደ ግራ ሰብሰብ አድርጋ ለበሰችው። እኔ ዞሬ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

እሷ ከመቀመጧ በፊት ሙሴ ጽሑፉን ጨርሰዋል፤ ፊደል አጥንት ነው፣ ሥጋው በኋላ ይመጣል ይሉ ነበር። አባቴ የሰጠኝ ጽሑፍ የልጅ ልጆችን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የሃይዌዩን መውጫ ሳይቀር የያዘ ነበር። ሙሴ ሊያነቡት ሳይችሉ በጣታቸው ለኩትና ለሚሮጥ ሰው ስንት ቃል ይበቃዋል አሉኝ። ስሟንና «ዐረፉ» የሚለውን ብቻ አስቀሩ። በእጄ ጻፍኩላቸው፤ እሳቸው የማያውቁትን ፊደል ገልብጠው ድንጋዩ ግርጌ ላይ ሣሉት፣ አንድም ሳይስቱ። በላዩ ወረቀት አለበሱት። ድንጋዩ ወደ እሳቸው ያዘነበለ ስለሆነ ከፊት ለፊታቸው ለተቀመጠው ሰው ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። በዚህ ልባችን ሙሉ ነበር።

ስለ እነዚያ ከሰዓቶች እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ጉሙ ይገባል፤ እርሳሱ ድንጋዩ ላይ አሸዋ ላይ እንደሚሄድ እግር ይንሿሿል፤ ሙሴ የአባታቸውን መሰላል ያወራሉ፤ እናቴ የእናቷን ጓሮ ታወራለች። ማን ስለ የትኛው አገር እንደሚያወራ አንዳንዴ ይጠፋኝ ነበር። እናቴ ስለ እናቷ እንዲህ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም። «እናቴ ዶሮ አታሳርድም፣ ራሷ ስም አውጥታላቸው እንዴት ይታረዱ» ትላለች። «እናቴ ስትቆጣ ድምፅዋን ዝቅ ነው የምታደርገው» ትላለች። «ስትስቅ ቀድማ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ሳቁ ከኋላ ይመጣል» ትላለች። እኔ በሕይወት እንዳለች አድርጌ ሁሉንም እተረጉማለሁ። ጠልቻት አላውቅም፣ ያን ጊዜ ግን ዝም ብትልልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሐሙስ ዕለት ዓይኑና ግንባሩ አልቆ፣ ነጠላውም ተሥሎ፣ ከአፍንጫ በታች ብቻ ባዶ ቀርቶ ነበር። ሙሴ ከጠዋት ጀምሮ አፉን ሊይዙት ሞክረው አልሆነላቸውም። የእናቴ አፍ እያወራ አላርፍ አላቸው። በመካከሉ እጃቸው የሚያርፍበትን ቦታ ለማስተካከል ወረቀቱን አነሱ፣ ወደ ጎንም ዘንበል አሉ። እናቴ አንድ ነገር ልትናገር ከንፈሯን ከፍታ ነበር። ዓይኗ ከትከሻቸው ባሻገር ሄደና እዚያ ቆመ፤ ከንፈሯም እንደተከፈተ ቀረ። ደክሟት ነው ብዬ አሰብኩ።

«እንዳትንቀሳቀስ ንገሪያት» አሉኝ ሙሴ፣ ቀና ሳይሉ።

ነገርኳት። አልተንቀሳቀሰችም። በክፍሉ ውስጥ ከእርሳሱ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ ወደቡ እንኳ ዝም አለ። ልስቅ ወይስ ላልቅስ በሚል አፍ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሙሴ ሲጨርሱ እርሳሱን አስቀመጡና «አፏ መጣ» አሉ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ስንት ቀን ይፈጅባቸዋል በያቸው» አለችኝ። ነገ ያልቃል አሉ። «አይቸኩሉ በያቸው» አለች። ከዚያም ማውራት ቀጠለች፤ ያን ቀን ያወራችውን ያህል አውርታ አታውቅም፤ አንድ አውቶቡስ አምልጦን ሁለተኛውን ነው የያዝነው። ስንወጣ ጎንበስ ብላ የሙሴን ትከሻ ሳመች። ከዚያ በፊት ትከሻቸውን ስማ አታውቅም ነበር።

ዓርብ መድኃኒት ልታመጣ ስትወጣ አተምነው። የማተሚያውን እጀታ የማዞረው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ወረቀት ከድንጋዩ ላይ ሲልጡት አያቴ ከነ አፏ ወጣች፣ እርጥብ ሆና። እኔ አያቴን በደንብ አላስታውሳትም ነበር፤ ያን ጊዜ አስታወስኳት። ሙሴ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው ቆዩና «ደኅና ዋልሽ፣ ማዳም» አሏት።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሰዎቹ በደረጃው ወጡ፤ ወንዶቹ ኮት፣ ሴቶቹ ነጠላ ለብሰው፣ አጎቴ ከመካከላቸው። አባቴ በር ሊከፍት ሲነሳ እናቴ ቀድማው ከፍታ ቆማለች። ፀጉሯ ተፈቷል፤ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች። ለሥራ የለበሰች መሰለኝ፣ ቅዳሜ መሆኑ እንኳ አልታየኝም። ወንድሟን አየችው። «አንተም መጣህ» አለች፤ ከዚያ ጮኸች። ያን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሴቶቹ ያዟት፣ ሽማግሌዎቹ እግዚአብሔር ያጥናሽ አሏት፣ ሁሉም እንደ ወጉ ሆነ። አባቴ ጥግ ይዞ፣ የሳምንቱን ሁሉ አንድ ላይ አለቀሰው።

ፖስተሩ ቴሌግራፍ ላይ በየሱቁ መስኮት ወጣ። ባለሱቁ ለረጅም ጊዜ አይተውት «ልትናገር ነው እኮ የምትመስለው» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ግን ሰው ወዴት ብሎ ይደውል?» ብለው የእኛን ስልክና አድራሻ በእጃቸው ጽፈው ከሥሩ በፕላስተር ለጠፉት። ለሙሴ አልነገርኳቸውም። አያቴን የማያውቁ ሰዎች መንገድ ላይ ይቆሙ ነበር፤ ከአውቶቡስ ወርደው የመጡም አሉ፤ ለቅሶ ቤታችን በማናውቃቸው ሰዎች ሞላ። ከአርባው በኋላ የአንድ ዘፋኝ ፎቶ ተለጠፈበት።

እናቴ ከሐዘን ተነስታ ሥራ ስትመለስ አብሬያት ሄድኩ። ድንጋዩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አያቴ አሁንም አለችበት። ሙሴ እንዳታየው ሊሸፍኑት ሞከሩ። ድንጋዩ ለሌላ ሥራ ሊታጠብ እንደሆነ፣ በእርጥብ አሸዋ ተፍቆ ሥዕሉ ሁሉ እንደሚጠፋ ነገርኳት። እኔ ላስቀምጠው ብዬ ልለምናቸው ነበር። እናቴ ግን እጅጌዋን ሰበሰበች። «እኔ ልጠባት» አለች። «ስትገነዝ አልነበርኩም።»

ሙሴ አሳዩአት። አሸዋ ተነሰነሰ፣ ውሃ ተንጠበጠበ፣ በላዩ ሌላ ትንሽ ድንጋይ ተደርጎ በክብ በክብ ይዞራል። እናቴ ከነጠላው ጀመረች። ውሃው ግራጫ ሆኖ በጠረጴዛው ጠርዝ ይወርድ ነበር። ወደ አፉ ስትደርስ እጇን ገታች።

«ሐሙስ ዕለት ነው ያወቅሁት» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «መስታወቱ ውስጥ ስሟን አነበብኩት። ከፊደሉ በላይ እሷ አለች። አፍ ብቻ የላትም።»

እኔ ምን እንዳልኩ አላውቅም፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«ብናገር ሙሴ እጃቸውን ያነሱ ነበር። እናቴ ደግሞ ገና አፍ አልነበራትም።» ውሃ ጨመረችበት። «ደግሞስ እናንተ ለእኔ ብላችሁ ይህን ያህል ስትጨነቁ፣ አባትሽ ሰሐን ሲያጥብ፣ እንዴት አድርጌ ላፍርስባችሁ?»

አለቀስኩ። ያን ሁሉ ቀን የጠበቅኳት እኔ መስሎኝ ነበር። ሙሴ ምን አለች ብለው ወተወቱኝ፤ እንደምንም ተረጎምኩላቸው፤ በዚያ ሰመር አንድም ቃል ያላሳጠርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱና አፉን የሣሉባትን ቁራጭ እርሳስ አውጥተው እርጥብ መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። እናቴ ጨበጠቻት፤ በሌላው እጇም ጨርሳ አጠበች። ድንጋዩ እንደ መጀመሪያው ባዶ ሆነ።

ሙሴ ካረፉ ቆይተዋል። እናቴ የባለሱቁ መስኮት ላይ ይለጠፍላቸው ብላ ድርቅ አለች። ፎቶ ፈልገን አጣን፤ ያን ሁሉ ሰው የሣሉ ራሳቸውን ሥለው አያውቁም። ነጭ ወረቀት ላይ «ሙሴ ዐረፉ» ብለን ብቻ ለጠፍን። ይገርምሻል፣ የማያውቋቸው ሰዎች ነፍስ ይማር ብለው አለፉ።

አሁን እናቴ እኔ ጋ ናት። ከእነዚያ ወረቀቶች የቀረችው አንዲቷ በፍሬም ሆና ሳን ሆዜ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅላለች፤ ሙሴ ቢያዩን ይቆጡን ነበር። እናቴ ከሥሯ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች። ዘመድ ሲመጣ ይህን መቼ ነው የተሣልሽው ይላታል፤ እሷም እናቴ ናት ትላለች፤ አያምኗትም። እውነታቸውን ነው። ሙሴ የጨመሩባትን ዕድሜ ሁሉ አንድም ሳታስቀር ደርሳበታለች። ጠዋት ጠዋት ከመኝታ ክፍሏ ስትወጣ ከግድግዳው ላይ የወረደች ይመስለኝና ልቤ ይደነግጣል።

ዛሬ ጠዋት እርሳሷን ይዤ ሄጄ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። አሸተተቻት። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ሥዕሉ አየች።

«የእኔ ቀን ሲደርስ ፎቶ ፍለጋ እንዳትንከራተቱ» አለችኝ፣ የገበያ ነገር እንደሚነገር በረጋ ድምፅ። «ስሙን ብቻ ቀይሪው።»

እማዬ ተይ እንጂ አልኳት። እሺ በይኝ አለች። እሺ አልኳት። እርሳሷን ጠቅልዬ መሳቢያዋ ውስጥ መለስኩና ወደ ሥራዬ ሄድኩ፤ እጄ ግን ቀኑን ሙሉ ጧፍ ጧፍ ሲሸተኝ ዋለ።